ሃያሲው ያልተናገረው

«ልጁ እኮ የሚደውለው ለእሷ አይደለም፤ ለቴሌቪዥኑ ነው» አለች እህቷ።

የጥርስ ክሊኒክ ካርድ አውጪዋ ይህን የሰማችው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፊቷን ሳሙና ቀብታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቧንቧውን ከፍታ ውኃው እስኪመጣ ስትጠብቅ ነበር። ውኃ ቢኖር ኖሮ ድምፁ ይጋርድላት ነበር። እህቷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ በስልክ ከአክስታቸው ልጅ ጋር ታወራለች። ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ የማታውቅ ሰው ናት፤ ምስጢር ስታወራ እንኳ ጨረታ የምታጫርት ትመስላለች። «አዎ፣ ዛሬ አመሻሽ ላይ ይጀምራል አሉ። ሰሞኑን እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም። ካማረ ልጁ ይደውላል። ካላማረ ደግሞ እንግዲህ…» አለችና የቀረውን በረጅም ትንፋሽ ጨረሰችው። ያን ጊዜ ቧንቧው አጓርቶ ውኃውን ለቀቀው። ካርድ አውጪዋ ሳሙናው ከታጠበላት በኋላም ፊቷን ደጋግማ ታጠበች። ዓይኗ ቢቀላ የሳሙናው ነው ለማለት ይመቻታል።

ኩሽና ውስጥ ሻይ ተቀድቶ ጠበቃት። እህቷ ዳቦውን ቆርጣ ወፍራሙን ቁራጭ ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት፤ የስኳሩንም ዕቃ ከፍታ አቀረበችላት። ክፉ ሰው አይደለችም። ቤቱም የእሷ ሆኖ ሳለ አንድም ቀን «ቤቴ» ስትል ተሰምታ አታውቅም።

«እትዬ፣ ዛሬ ውኃው ዘገየ አይደል?»

«ዘገየ።»

«ሲመጣ ሰማሽው? ያ ቧንቧ እንዴት ነው የሚጮኸው!»

«ሰማሁ» አለች ካርድ አውጪዋ። እህቷ ቀና ብላ አየቻትና ማንኪያዋን ማማሰል ቀጠለች፤ ስኳሩ ግን ከሟሟ ቆይቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርድ አውጪዋ አንድ ልጅ አላት። በሌላ ከተማ አሳንሰር እየጠገነ የሚኖር፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቃል የሚቆጥብ ልጅ ነው። ቤት ሳለ እንኳ «ብላ» ሲባል «እሺ»፣ «ጠግበሃል?» ሲባል «አዎ» ከማለት ያለፈ ወሬ አልነበረውም። ከሄደ በኋላ ደግሞ ስልኩ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ፤ በይ ቻው» ሆኖ ቀረ። «የጀልባው ቤት» የሚባለው ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን እስኪጀመር ድረስ ማለት ነው። አንድ ምሽት የመዝጊያው ሙዚቃ ገና ሳያልቅ ስልኳ ጮኸ። ልጇ ነበር። «እማ፣ ጀልባዋን ያቃጠለቻት መበለቷ ናት፤ እይልኝ» አላት፤ ደህና ነሽ እንኳ ሳይል። እሷ ደግሞ መበለቷን ትወዳታለችና «በፍጹም! የጉምሩኩ ሹም ነው» አለች። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ድራማው በታየ ቁጥር ይደውላል። ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዳንዴ እህቷ ተኝታ እስክትነቃ ያወራሉ። ሳይታሰብ ግን ድራማው ተቋረጠ፤ ጀልባዋን ማን እንዳቃጠላት ሳይነገር። ስልኩም አብሮት እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። በመጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየወሩ፣ በኋላ ደግሞ እሷም መጠበቋን ለራሷ ማመን ትታ ነበር። እነዚያው የድራማው ሠሪዎች «የጀልባው ቤት ልጆች» የሚል አዲስ ተከታታይ ይዘው እንደሚመጡ የሰማች ቀን ነው ልቧ እንደገና ሥራ የጀመረው።

እሷ እንደሆነ እስካሁን አንድም ቀን ደውላለት አታውቅም። ልጅ ሥራ ላይ ይሆናል፤ መሰላል ላይ ይሆናል፤ ስልክ ሲጮህ ደንግጦ ይወድቃል ብላ ትፈራለች። ይህ ምክንያቷ ነው። ከምክንያቱ ሥር ያለውን ግን አትነካካውም።

አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ አንድ እጇን በማንጠልጠያው ሰክታ፣ በሌላው ስልኳን ከፈተች። ከድራማው አፍቃሪዎች ቡድን ውስጥ ናት። እዚያ ማንም የማንንም ስም አያውቅም፤ እሷን «የመበለቷ ጠበቃ» ይሏታል። ቡድኑ ሲታመስ ነው ያደረው። ሃያሲያኑ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ባለፈው ሳምንት በዝግ አዳራሽ አይተዋል። አይተው ሲወጡ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የመጀመሪያው ክፍል ለሕዝብ ታይቶ እስኪያልቅ ድረስ ምንም እንዳይጽፉ፣ ምንም እንዳይናገሩ አስፈርመዋቸዋል ተባለ። ሌላ ጊዜ አዲስ ድራማ ሲመጣ አስቀድሞ ይወደሳል፣ ይወቀሳል፤ ሰውም የሚጠብቀውን አውቆ ይቀመጣል። የዛሬው ምን ቢሆን ነው የተሸፈነው? «ቆንጆ ሙሽራ ፊቷን አትሸፍንም» ብሎ ጻፈ አንዱ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ ሌላው። አንዷ ደግሞ፣ ምስጢሩ እንዳይወጣ ብለው ነው፣ ጀልባዋን ያቃጠለው ማን እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ክፍል ስለሚነገር ነው ብላ አጽናናች። ካርድ አውጪዋ ይህችኛዋን ደጋግማ አነበበቻት። ማመን የፈለገችው እሷን ነው። ሆዷ ግን ስለ ሙሽራዋ ከጻፈው ጋር ነበር። ድራማው ካላማረ ልጇ የመጀመሪያውን ክፍል አይቶ «በቃ» ይላል፤ እሱ አንዴ «በቃ» ካለ በቃ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ይደውላል?

የምትሠራው በጥርስ ክሊኒክ ነው። ከመስኮት በስተኋላ ተቀምጣ የሕመምተኞችን ካርድ ታወጣለች፣ ተራ ታስይዛለች፣ የሚፈሩትን ታረጋጋለች። የመጠበቂያው ክፍል ነጭ ቀለም የተቀባ ነው፤ ወንበሮቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ በፍርሃት እግሩን ሲያንቀጠቅጥ ረድፉ ሁሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከውስጠኛው ክፍል የመሰርሰሪያው ድምፅ ሲመጣ ሁሉም ወደ ጣሪያ ያያል። እሷ ድምፁን ከለመደችው ዘመን ተቆጥሯል፤ አሁን የሚያስደነግጣት ዝም ሲል ነው።

ረፋዱ ላይ አንድ ሰው ጉንጩን በመሐረብ ደግፎ ገባ። ስሙን ሳይነግራት ነው ያወቀችው። በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ስለ ፊልምና ስለ ድራማ የሚጽፈው ሃያሲ ነው፤ ከጽሑፉ አናት ላይ አገጩን በጡጫው ደግፎ ሲያስብ የተነሳው ፎቶ አለ። ዛሬ ግን የሚያስብ ሰው ሳይሆን ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ነበር። ካርዱን አወጣችለት።

«ሥራ?» አለችው፤ ካርዱ ላይ የሚጠየቅ ነው።

«መጻፍ» አለ በግማሽ አፉ።

መጻፍማ እናውቃለን፤ ያልጻፍከውን ነው የቸገረን፣ አለች በሆዷ። ወደ ውስጥ አስገባችው። መሰርሰሪያው አልተሰማም፤ ጥርሱ የሚነቀል ነው ማለት ነው። ሌሎቹን ሕመምተኞች ስታስተናግድ ዓይኗ በሩን አልለቀቀም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ማደንዘዣስ ያወጣው ይሆን ስትል አሰበችና በራሷ ሐሳብ ብቻዋን ፈገግ አለች።

ሃያሲው ጥጥ ነክሶ ወጣ። ደሙ እስኪቆም እዚያው እንዲቀመጥ ሐኪሟ ነግራዋለች። ጥግ ያለውን ወንበር መርጦ ተቀመጠ። ካርድ አውጪዋ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ከመስኮቷ በስተኋላ ወጣች። በሥራ ሰዓት መስኮቷን ትታ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

«ይህን ጉንጭዎ ላይ ያድርጉት፤ እብጠቱን ይከለክልልዎታል» አለችው። ተቀብሎ አንገቱን ሰበር አድርጎ አመሰገናት። እሷ ግን አልሄደችም፤ አጠገቡ ካለው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አዲሱን ድራማ አይተውታል አይደል?»

ሃያሲው የታመመ ጥርሱን እንደነኩበት ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ራሱን ነቅንቆ አዎ አለ።

«ጥሩ ነው?»

በጣቱ አፉን አሳያት፤ ጥጡን።

«ግድ የለም፣ አይናገሩ። ጥሩ ከሆነ ራስዎን ወደ ላይ፣ ካልሆነ ወደ ጎን ያድርጉልኝ። ለማንም አልናገርም፤ እዚህ ቤት የስንቱን ሰው አርቴፊሻል ጥርስ ምስጢር ይዤ እንደምኖር ቢያውቁ።»

ሃያሲው ሊስቅ ሞከረና ሕመሙ መለሰው። ጥጡን በምላሱ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ «ሐርሜያለሁ» አለ። ፈርሜያለሁ ማለቱ ነው፤ ከንፈሩ ደንዝዞ «ፈ» አልታዘዝለት ብሏል። ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ከጋዜጣው አዘጋጅ ጀምሮ እስከ ሚስቱ ድረስ ያልጠየቀው ሰው እንደሌለ፣ ለማንም እንዳልተናገረ አስረዳት። አስረድቶም ሊዘጋው ሲል ፊቷን አየ።

«ምነው እናት፣ ለአንድ ድራማ ይህን ያህል?»

ለእህቷ ያልነገረችውን፣ ለቡድኑ ያልጻፈችውን፣ ለማታውቀው ሰው ነገረችው። ስለ ልጇ ቃል መቆጠብ፣ ስለ ጀልባዋ ክርክር፣ ድራማው ሲቋረጥ ስልኩም እንዴት እንደተቋረጠ። የጠዋቱን የእህቷን ንግግርም ነገረችው፤ ማን እንደተናገረው ሳትገልጽ፣ «ሰዎች እንዲህ ይላሉ» ብላ። «ውሸት እንኳ ቢሆን ጥሩ ነው ቢሉኝ ቀኑን በሰላም እውል ነበር» አለች በመጨረሻ። ረድፉ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው እግሩን ያንቀጠቅጣል፤ ሁለቱም አብረው እየተንቀጠቀጡ ቆዩ።

ሃያሲው በረዶውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እርስዎ ይደውሉለት» አላት።

«እኔ?»

«አዎ። ድራማውን አይጠብቁ።»

ይህን ብሎ ተነሣ፤ በረዶውን መለሰላትና ኮቱን ሳይለብስ ይዞት ወጣ። ካርድ አውጪዋ ጨርቁ በእጇ ውስጥ ውኃ ሲሆን አልታወቃትም። ሰውየው የፈረመውን አላፈረሰም፤ ስለ ድራማው አንድ ቃል አልተናገረም። እሷ ግን ልጅ አይደለችም፤ ያልተናገረው ገብቷታል። ወደ መስኮቷ ተመልሳ ስልኳን ስትከፍት ቡድኑ አሁንም ይታመሳል፤ «አንድ ምልክት እንኳ የሰጠን ሃያሲ ጠፋ?» ይላል አንዱ። ሁሉም ቀኑን ሙሉ የሚያሳድደው ነገር በእሷ እጅ ነው። መጻፍ ጀመረች፤ አጠፋችው። እነሱ ገና ተስፋ አላቸው፤ ይቆይላቸው ብላ ስልኩን ዘጋች።

በምሳ ሰዓት ምግቧን ሳትከፍት ወደ ኋለኛው ደረጃ ወጣች። ያገለገሉ የሕክምና ወንበሮች የሚጣሉበት፣ ማንም የማይረግጠው ቦታ ነው። ከተሰበሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ እንደ ሕመምተኛ ተንጋልላ ተቀመጠችና የልጇን ቁጥር ተጫነችው። ቶሎ አነሣው።

«እማ! ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምነው? ታመምሽ?»

«አልታመምኩም። እንዲያው ልደውል ብዬ ነው።»

«እ» አለ ልጁ።  እሷ ስልኩን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አደረገችው። ከወዲያ በኩል መዶሻም ሞተርም አይሰማም። ጭር ያለ ክፍል ነው የሚመስለው፤ «ሥራ ላይ ነህ?» ብትለው ግን «አዎ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አላት። እሷ መላ ስታጣ ወደምታውቀው ተመለሰች፤ «ማታ ታያለህ አይደል?» አለችው።

«ምኑን?»

«የጀልባውን ቤት ልጆች ነዋ።»

«ዛሬ ነው እንዴ?» አለ። «ረስቼው። እማ፣ እንጃ፣ ከተመቸኝ እሞክራለሁ። በይ ቻው፣ እሺ?»

ስልኩን ከዘጋች በኋላም ከተንጋለለችበት አልተነሳችም። ሌላውን ሁሉ አስባ ነበር፤ ድራማው ቢጠላ፣ ቢቋረጥ፣ ቀኑ ቢለወጥ። ቀኑን የሚረሳው ይሆናል ብላ ግን አላሰበችም። ሰሞኑን ሁሉ ገመዱ ከሁለቱም ጫፍ የተያዘ መስሏት ስትጎትት ከርማለች፤ ለካ ወዲያኛው ጫፍ ላይ የያዘው ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ካርዶች አደባለቀች፤ ጥርስ ሊያስነቅል የመጣውን ሊያስሞላ ነው ብላ አስገባች፤ ሐኪሟም ብቅ ብላ «ዛሬ እርስዎን ነው ማከም ያለብን መሰለኝ» አለቻት።

ቤት ስትገባ ሳሎኑ ተስተካክሎ ጠበቃት። እህቷ ዘወትር ራሷ የምትቀመጥበትን፣ ጀርባ የሚደግፈውን ወንበር ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አዙራ ለካርድ አውጪዋ ለቃለች፤ ራሷ ከጎን ባለው ዱካ ላይ ሹራቧን ይዛ ተቀምጣለች። ስለ ጠዋቱ አላነሡም። ድራማው ጀመረ። ሙዚቃው ያው የድሮው ነው፤ ካርድ አውጪዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከሙዚቃው በኋላ ግን የመጣችው መበለት ሌላ መበለት ናት፤ ከካርድ አውጪዋ ልጅ የምታንስ፣ ጥርሷ የሚያብረቀርቅ ወጣት ተዋናይት። በፊተኛው ድራማ ሰምጦ የሞተው የጉምሩክ ሹም በሩን ከፍቶ ገባ፤ ከየት መጣህ ያለው ሰውም የለም። ሁሉም ቆሞ ያወራል፣ ሁሉም ያለቅሳል፣ ማን ለምን እንደሚያለቅስ አይታወቅም። መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ ያ ስንት ሌሊት እናትና ልጅን ያከራከረ ምስጢር ተፈታ። አይጥ ናት። አይጥ ኩራዝ ገልብጣ ነው ጀልባዋን ያቃጠለቻት።

«አይጥ?» አለች እህቷ፤ ሹራቡ ከእጇ ወደቀ።

«አይጥ» አለች ካርድ አውጪዋ።

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው እህቷ ናት፤ ከዚያ ሁለቱም ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አብረው እንዲህ የሳቁት መቼ እንደነበር ማስታወስ ይቸግራል። ሳቁ ሲያልቅ ሳሎኑ ከበፊቱ ይልቅ ጭር አለ። የመዝጊያው ሙዚቃ መጣ። ካርድ አውጪዋ ስልኩን ላለማየት ስትል የመጋረጃውን ጠርዝ አየች። ሙዚቃው አለቀ። ማስታወቂያ ጀመረ፤ የሳሙና፣ ቀጥሎ የቀለም። ስልኩ አልጮኸም። እህቷ ምንም ሳትል ተነሥታ ከመኝታ ቤቷ የስልክ ገመድ አመጣች፤ ግድግዳው ላይ ሰክታ ሌላውን ጫፍ የእህቷ ስልክ ላይ አደረገችው። «ባትሪው እንዳያልቅብሽ» አለችና ሹራቧን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች።

ካርድ አውጪዋ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ጫማዋን ልታወልቅ ስታጎነብስ ነው ስልኩ የጮኸው።

«እማ» አለ ልጇ፤ «አይጥ?»

«አየኸው?»

«ከመሃል ነው የጀመርኩት። ያቺ ልጅ ናት መበለቷ? ታናሽ እህቴ ልትሆን ምን ቀራት?»

«ሹሙስ? አልሰመጠም ወይ?»

«ዋናተኛ ሆኖ ተመለሰ እንግዲህ።» ሳቀ። አሁን ወጣለት፤ ጸሐፊውን፣ አዘጋጁን፣ ኩራዙን፣ ሁሉንም አወረደባቸው። እሷም አልማራቸውም። ድራማው ጥሩ በነበረ ጊዜም ወሬ እንዲህ ገጥሞላቸው አያውቅም። ከዚያ የሚሰደብ ሰው አለቀ። ልጁ «በቃ፣ ይሄን ከዚህ በላይ አላይም» አለ። ዝም ተባባሉ። ካርድ አውጪዋ ቀኑን ሙሉ የፈራችው ዝምታ ይህ ነበር። ድሮ እዚህ ላይ ሲደርሱ ቶሎ ብላ ስለሚቀጥለው ክፍል ታነሣ ነበር። አሁን የሚነሣ ክፍል የለም።

«ቀን ስደውል ሥራ ላይ አልነበርክም» አለችው፤ ሳታስበው ነው ከአፏ ያመለጣት።

 ከወዲያ አንድ ነገር በምድጃ ላይ ሲፍለቀለቅ ይሰማል።

«ቤት ነኝ» አለ ልጁ። «የአሳንሰር በር ግራ እጄን ያዘኝ። ሁለቱ ጣቶቼ ተሰብረው ታስረዋል። ደህና ነኝ፣ አትደንግጪ።»

«መቼ?»

«ባለፈው ወር።»

«ባለፈው ወር! ልጄ፣ ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«በምን መሃል ልንገርሽ፣ እማ?» አለ፤ ሊወቅሳት አልነበረም፣ የእውነቱን ነው የጠየቃት። «ድራማ አልነበረማ።»

 ሰው ሁሉ ምግቡን፣ ሸሚዙን፣ ጫማውን በሁለት እጁ ነው የሚያነሣው፤ የእሷ ልጅ ወር ሙሉ በአንድ እጁ ብቻውን ሲያነሣ፣ እሷ እዚህ ስለ መበለት ከማያውቋት ሰዎች ጋር ስትከራከር ከርማለች። ማን ነው የሚያጥብልህ፣ ማን ነው የሚያበስልልህ፣ ያምሃል ወይ፣ ልምጣ ወይ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። ከሁሉ ቀድሞ ከአፏ የወጣው ግን «ምንድን ነው የሚፈላው?» የሚለው ነበር።

«ሾርባ። ወይኔ፣ ገነፈለ! ቆይ እማ፣ እንዳትዘጊው።»

ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጠው። ክዳን ሲወድቅ ሰማች፤ ልጇ በሹክሹክታ ሲራገም ሰማች፤ ውኃ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ በአንድ እጅ የሚፈለግ ጨርቅ፣ በአንድ እጅ የሚወርድ ድስት። ሥራው ቀስ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ ትንፋሽዋን እንኳ ቀስ አድርጋ፣ አንድ ጫማዋን እንዳወለቀች ተቀመጠች። ቤቱን አይታው አታውቅም፤ ምድጃው በየት በኩል እንደሆነ፣ መስኮት ይኑረው አይኑረው አታውቅም። ወንበር ሲጎተት ሰማች። ከዚያ ድምፁ እንደገና ቀረበ።

«እማ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አለች።